በአንድ ትንፋሽ የሚሰመር መስመር

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዕቃዬን ከገነተ ማርያም አስጭኜ ላሊበላ ቤቴ የገባሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ ከእንግዲህ ዕረፊ፣ ፀሐይ ሙቂ፣ ዘመድ ጠይቂ ይሉኝ ነበር። ምክራቸውን በደስታ ተቀብዬ ሳምንት ያህል ፀሐይ ሞቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ጠመኔ ናፈቀው። ስለዚህ በከተማችን ባለ አንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ ለሚሰጠው ትምህርት ተመዝግቤ የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆንኩ።

በክፍላችን ከሁሉም በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ። መምህራችን እንኳ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳሉ። የፊተኛው ወንበር ላይ የምቀመጠው ዓይኔ ስለደከመ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከፊት መቀመጥ ስለምወድ ነው። ልጆቹ እማማ ወርቄ ይሉኛል። ጥያቄ ሳበዛ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ጎንበስ ይልና፣ «እማማ፣ የቀረውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆዩልን፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል» ይለኛል። አልቀየመውም። እኔም ሳስተምር ከደወል በኋላ የሚጠይቅ ተማሪ አልወድም ነበር።

አእምሮን ስለማረጋጋት የተማርን ጊዜ መምህራችን እያንዳንዳችን ከሕይወታችን የምናውቀውን አንድ ነገር እንድንጽፍ አዘዙን። ጽሑፎቹ አንድ ላይ ተጠርዘው ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣሉ ስላሉ በተቻለኝ መጠን ተጠንቅቄ ጽፌያለሁ። እኔ የማውቀው ቀላል የሥዕል ልምምድ ነው። ሠዓሊ አይደለሁም፤ በግ ስሥል ልጆች ውሻ ነው ይሉኛል። ልምምዱ ግን ችሎታ አይፈልግም። ወረቀት፣ የሚጽፍ ነገርና ትንፋሽ ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል። የሥራ ዘመኔን መለስ ብዬ ሳየው ከመጀመሪያው ምድቤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያልተለየኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ዋድላ ውስጥ ኮን ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳያበቃ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ደረስኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ተጠጋግተው ከመቀመጣቸው የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ ሙሉው መደዳ ይነቃነቃል። ዝም ለማሰኘት እጮሃለሁ፤ እነሱም ጩኸቴን ለመብለጥ ሲሉ የበለጠ ይጮሃሉ። ማታ ማታ ድምፄ ተዘግቶ ነበር ቤቴ የምገባው።

ቤት ያከራዩኝ የኔታ ጥበቡ የሚባሉ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ለቤተ ክርስቲያንም ለግለሰብም ዳዊትና የጸሎት መጽሐፍ እየጻፉ ይኖራሉ። ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካ ዱካቸውን፣ ያችን አጭር መቀመጫ፣ ይዘው ይወጣሉ፤ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የመቃ ብርዓቸውን በትንሽ ቢላዋ ጠረብ ጠረብ አድርገው ቀለም ያጠቅሳሉ። ከዚያ ወዲያው አይጽፉም። ብርዑን ከብራናው በላይ ይዘው ዝም ብለው ይቆያሉ። የሚጸልዩ መስሎኝ ለብዙ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ደፍሬ፣ «የኔታ፣ ብርዑን ይዘው የሚጸልዩት የትኛውን ጸሎት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጸሎቱንማ ቤቴ ጨርሼ ነው የወጣሁ፤» አሉኝ። «አሁን እጄን እየጠበቅሁ ነው።»

አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። በሌላ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቴ እንዳበጠ አዩኝ። በዚያ ቀን ክፍሉን ጥዬ ወጥቼ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አልቅሼ ነበር። ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቁኝም። ያረጀ ብርዕና ከዳር ተቆርጦ የተጣለ የብራና ቁራጭ ሰጡኝና መስመር አስምሪ አሉኝ። አሰመርኩ። መስመሩ እንደ ፍየል መሄጃ መንገድ ጠመመ። ይቅርታ፣ ቀጥ አላለልኝም አልኳቸው።

«ቀጥ እንዲልማ ማስመሪያ አለልሽ። እኔ በወስፌና በማስመሪያ ነው የማሰምረው። አንቺ አየር ወደ ውስጥ ሳቢ፤ ከዚያ ትንፋሽሽ ሲወጣ ብርዑ አብሮት ይሂድ። ትንፋሽሽ ሲያልቅ መስመሩም ይለቅ። አለቀ።»

ከዚያ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ብራናው ዳር ድረስ ስደርስ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወርዶ ቦታው ገብቶ ነበር። የኔታ ብራናውን እንኳ አላዩትም፤ ያዩት ትከሻዬን ነው።

ያን ዓመት ማታ ማታ ብርሃን እስኪደክም ድረስ በግቢው ውስጥ ከእሳቸው ጋር እቀመጥ ነበር። ከመስመር በኋላ ያስተማሩኝ ሐረግን ነው። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ እንደ ቡቃያ እየተጠላለፈ የሚሄደውን ጌጥ ማለቴ ነው። ሲያዩት የሚያስፈራ ይመስላል፤ ሕጉ ግን አንድ ብቻ ነው፦ አንዱ ገመድ መሻገሪያው ላይ በላይ ካለፈ በሚቀጥለው መሻገሪያ በታች ያልፋል። በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች። ይህንን የሚከተል አእምሮ ሌላ ነገር ለማሰብ ቦታ አይኖረውም። ስሳሳት ብራናውን ልፍቅ ስነሳ የኔታ እጄን ያዝ አደረጉና የተሳሳትኩበት መሻገሪያ ላይ ትንሽ ቅጠል ጨመሩበት። ገመዱ ከቅጠሉ ሥር ገባ። ስህተቱ ጠፋ፤ እንዲያውም ሐረጉ አማረበት። ከዚያ ወዲህ እኔም ስሳሳት ቅጠል ጨማሪ ሆንኩ።

ሁለት ሌሎች ልማዶቻቸውንም ልጻፍ፤ በኋላ ስለሚያስፈልጉ ነው። አንደኛው፣ አንድ ገጽ ሲጨርሱ ብራናውን ዱካው ላይ ያስቀምጡና እሳቸው ዞረው ከፊት ለፊቱ ይቆማሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ከወዲህ ሆኜ ምን አውቃለሁ አሉኝ። ሁለተኛው፣ አልፎ አልፎ በሐረጉ መካከል የመልአክ ፊት ሲሠሩ ሁለቱም ዓይኖች ወደ ተመልካቹ እንዲያዩ ያደርጋሉ። ቅዱሳንና ደጋጎች ሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን አንድ ዓይን። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ያደገ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር።

ልምምዱን ወደ ክፍል ያስገባሁት በዚያው ዓመት ነው። ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ልጆቹ ደብተራቸው ላይ በትንፋሽ ጥቂት መስመር እንዲያሰምሩ አደረግኩ። ርእሰ መምህሩ በበረንዳው ሲያልፉ ክፍሉ ባዶ መስሏቸው ሊዘጉት ገቡ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እያሰመረ አገኟቸው። ምን እያስተማርሽ ነው ሲሉኝ ለእጅ ጽሕፈት እያዘጋጀኋቸው ነው አልኩ። በትምህርት ዕቅዴ ላይም እንደዚያው ጻፍኩት። እስከ ጡረታዬ ድረስ በየዓመቱ ዕቅዴ ላይ «የእጅ ጽሕፈት ዝግጅት» የሚል መስመር ነበረ፤ ምን እንደሆነ በቅጡ የጠየቀኝ ሱፐርቫይዘር የለም።

ከኮን በኋላ ብዙውን ዘመኔን ያገለገልኩት በላሊበላ ነው። ከተማ ስለሆነ ልጆቹ ደፋሮች ናቸው፤ እስክሪብቶም አያጡም። ለነሱ የእድፍ ጨዋታ የምለውን ጨመርኩ። ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት በጣት ይታሻል፤ ከዚያ ወረቀቱ እየተዟዟረ ይታያል። ምን ትመስላለች? አንዱ ዶሮ ያያል፣ አንዷ የአክስቷን ጀርባ ታያለች። ያዩትን ነገር በጥቂት መስመር ብቻ ያወጡታል። ስሕተት የሚባል ነገር የለውም፤ ሥዕል አልችልም የሚል ልጅም ሳያውቀው ሠዓሊ ይሆናል። አንዱ ተማሪ የሒሳብ መምህሩን ባጃጅ ላይ ሆነው ባጃጁ በአቧራ ሲሸፈን አወጣቸው፤ መምህሩ ራሳቸው ሥዕሉን ለምነው ወሰዱት። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት ሥራ የፈታ አንድ አስጎብኚ ልጁን ሊያደርስ ሲመጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከሕፃናቱ ጋር እድፍ ሲያሽ ይውል ነበር። ቤት ስቀመጥ ጭንቅላቴ ይጮሃል፤ እዚህ ዝም ይላል ይለኛል። በኋላ የከሰል ሥዕሎችን በካርድ መጠን እየሠራ ሆቴል በር ላይ መሸጥ ጀመረ።

ወደ ገነተ ማርያም የተዛወርኩት ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ላሊበላ እመጣለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢያችን በደረሰው ችግር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንደገና ሲከፈቱ ልጆቹ አድገው፣ ዝም ብለው መጡ። ነፋስ በር ሲያጋጭ ግማሹ ክፍል ከዴስክ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ የትንፋሽ መስመር ለእጅ ጽሕፈት ነው ብዬ መዋሸት አላስፈለገኝም። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰይድ፣ የደሴ ልጅ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሁሉም መምህር ጠዋት ጠዋት እንዲያሠራ ፈቀዱልኝ። እሳቸውም በቢሯቸው ሲያሰምሩ ሁለቴ ይዣቸዋለሁ።

ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች፤ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የቄስ ሞገስ ልጅ። ጥያቄ ስጠይቅ ከሁሉ ቀድማ ትመልሳለች። የፈተና ወረቀት ፊቷ ሲቀመጥ ግን እጇ ይደርቃል። ጣቶቿ እስክሪብቶውን ጨብጠው ይቀራሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ስሟን ብቻ ጽፋ ትመልሳለች። ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት እንዲህ አልነበረችም። በዓመቱ መጨረሻ የክልሉ ፈተና አለ፤ ያን ካላለፈች ሁለተኛ ደረጃ አትገባም። አባቷ ደግሞ ቆራጥ ሰው ናቸው። ልጅቷን የሚያሳፍራት ከሆነ ትምህርቱ ይቅርባት እንደሚሉ እናቷ በጆሮዬ ነግረውኝ ነበር።

ከማስተዋል ጋር በመስመር ጀመርን፤ ከዚያ ሐረግ። ሐረግ ላይ ሲሆን እጇ እንደ ውኃ ይሄዳል። ቀስ እያልን ትንንሽ ፈተና ከመስጠቴ በፊት ሐረግ አስጀምራት ጀመር፤ በወር ውስጥ ግማሹን ጥያቄ መመለስ ቻለች። በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬም ሳይሆን አይቀርም ያዘናጋኝ።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ አዲስ ልምምድ አመጣሁ። ጠዋት ፀሐይ በበር በኩል ስትገባ አንዱ ልጅ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ጥላው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ ጓደኛው የጥላውን ዳር ዳር በከሰል ይከተላል። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ። ከዚያ ባለቤቱ የራሱን ጥላ በልቡ ባለው ነገር ይሞላዋል። አንዱ እርሻ ሠራበት፣ አንዷ ፍየሎች አስገባችበት። ማስተዋል ከአንገት እስከ ፀጉር በሐረግ ሞላችውና ዓይን ሳይኖረኝ እንዴት አያለሁ ብላ አንድ ትልቅ ዓይን ጨመረችበት። አምሮ ታያቸውና ሌሎቹም ሁሉ ዓይን ዓይን ሠሩ። እኔ አፍንጫቸው እንዴት እነሱን እንደሚመስል እያየሁ እስቅ ነበር። ሁሉንም በየስማቸው በክፍሉ ግድግዳ ላይ በሰልፍ ለጠፍኳቸው። የኔታ ቢሆኑ ዞረው ከበሩ በኩል ያዩት ነበር። እኔ ሙጫውን አድርቄ በሩን ቆለፍኩ።

በማግሥቱ ወላጆች ገቡ። መጀመሪያ ልጆቻቸውን ሊፈልጉ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔም ያኔ ነው ከእነሱ ኋላ ቆሜ ግድግዳውን ያየሁት። አርባ ያህል ልጆች፣ ሁሉም በጎን፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ኧረ መምህርት፣ የኛን ልጆች ከማን ወገን አሰለፍሽብን?» አሉ። ጥቂቶች ሳቁ። ቄስ ሞገስ አልሳቁም። የማስተዋልን ሥዕል እንዳይቀደድ ተጠንቅቀው ነቀሉት፣ ጠቀለሉት፣ ወደ እኔ መጡ።

«መምህርት፣ እነዚህን በአንድ ዓይን የሚያዩትን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻቸዋለሁ። ማን እንደሆኑም ለሕዝቡ የማስረዳው እኔ ነኝ። ልጄን ከእነሱ ጋር አልተዋትም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ማስተዋልን እጇን ይዘው ወጡ። በማግሥቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም።

አቶ ሰይድ ነገሩ አልገባቸውም ነበር። የቀሩትን ሥዕሎች ቢሯቸው ውስጥ ዘርግተው በየተራ ካዩ በኋላ፣ «ሌላው ዓይንማ ከወዲያ በኩል አለ እኮ! ሰው ዞር ሲል አንድ ዓይኑ ይጠፋል እንዴ?» አሉኝ። የሥዕሉን ሥርዓት ሳስረዳቸው ራሳቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ አብሽሩ እትዬ ወርቄ፣ አብረን ሄደን እንጠይቃቸዋለን አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ብቻዬን ልሂድ አልኩ።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ቄስ ሞገስ በክብር ተቀበሉኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ይቅር ይበለን አሉ። ማስተዋል ትመለስ እንደሆነ ስጠይቅ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀት ባየች ቁጥር እጇ የሚደርቅ ልጅ ለምን ትሰቃይ፤ አሁን ደግሞ ሥዕል መጥቶ የሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ገባች፤ ቤት ትረፍ አሉ። ማስተዋል ከበሩ አጠገብ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ቆማ ትሰማ ነበር። ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። ከተዳፋቱ ስወርድ ዕድሜዬ ሁሉ ከበደኝ። ፈተናው ቀርቧል፤ ልጅቷ ለማለፍ የቀራት ጥቂት ነበር፤ ያን ጥቂት የወሰድኩባት እኔ ነበርኩ።

ጥቂት ቀን አሰብኩ። ቄስ ሞገስ ስለ ሥዕሉ ትክክል ነበሩ፤ ስለዚህ ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ግን ልጃቸው ስትሥል አንድም ቀን አይተዋት እንደማያውቁ ታወሰኝ። ያዩት የደረቀውን እጅ ብቻ ነው። ዳግመኛ ስሄድ ነጭ ወረቀትና ከሰል ብቻ ያዝኩ።

«አባ፣ የነቀሉትን ሥዕል ልመልስ አልመጣሁም፤» አልኳቸው። «ማስተዋል እዚሁ ፊትዎ ራሷን በሁለት ዓይን ትሥራ። ካዩት በኋላ አይሆንም ካሉኝ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።»

«በሁለት ዓይን ከሆነ ምን ከልካይ አለው፤» አሉ።

እናቷ ትንሽ መስተዋት አመጡላት። ማስተዋል በርጩማው ላይ ሰሌዳ አድርጋ ወረቀቱን ዘረጋች። ወዲያው አልጀመረችም። ከሰሉን ከወረቀቱ በላይ ይዛ ቆየች፤ ትከሻዋ ወረደ። በወረቀቱ ግርጌ በትንፋሽ መስመር አሰመረች፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ከዚያ መስተዋቱን አየችና ቅንድብ ጀመረች። ሁለቱን ዓይኖች፣ አፍንጫውን፣ ሹሩባዋን። ቄስ ሞገስ መጀመሪያ ከመደባቸው ሳይነሱ ነበር የሚያዩት፤ ቀስ በቀስ ዱላቸውን ተደግፈው አጎነበሱ። ፊቱን ጨርሳ ዙሪያውን በሐረግ ማጠር ስትጀምር ጭራሽ ተነሥተው ከጀርባዋ ቆሙ። በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያ ትንሽ ቅጠል ጨመረችና ቀጠለች።

«እዚህች ጋ ተሳስተሽ ነበር፤» አሉ አባቷ።

«አዎ አባዬ። ቅጠል አደረግኩት።»

ቄስ ሞገስ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ከዚያ እጇን፣ ከሰል የነካውን እጅ፣ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«የሚደርቀው እጅ ይኸው ነው?»

«ፈተና ላይ ነው እንጂ ሥዕል ላይ አይደርቅም አባዬ።»

እጇን ቀስ ብለው ለቀቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ ሥዕሉ ያሳፈራት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚፈታት እሱ ነው። ሰኞ ትመጣለች። ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ እኔም እመጣለሁ፤» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ከማስተዋል ጋር መጡና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሥዕልን ሥርዓት አስረዱልኝ። ለምን ደጋጎች ፊት ለፊት እንደሚያዩን፣ ለምን ክፉው ሰው ፊቱን እንደሚያዞር። ልጆቹ እንደዚያ ጸጥ ብለው የሰሙት ሰው የለም። አቶ ሰይድም በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ከእንግዲህ ጥላ መሣል ክልክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቄስ ሞገስ አሰቡና፣ «ጥላውን ሣሉ፤ ምን ችግር አለው። ዓይን ግን አትጨምሩበት። ጥላ ዓይን የለውም፤» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጥላ ስናሠራ ዓይኑን ባዶ እንተወው ነበር፤ ዕረፍት የሚሰጥ ሥዕል ሆነ።

የቀረን ሥራ አንድ ነበር። በፈተና ወረቀት ላይ ከመልስ በቀር ምንም ምልክት ማድረግ አይፈቀድም፤ ሐረግ ቢያዩባት ምልክት እየላከች ነው ሊሏት ይችላሉ። ስለዚህ ማስተዋል ያለ ወረቀት መሥራት ነበረባት። በጣቷ ጉልበቷ ላይ፣ በቀሚሷ ላይ፣ ማንም ሳያያት። ትንፋሽ ሲወጣ ጣት ይሄዳል፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ጣት ይቆማል። መጀመሪያ ከሰል ካልያዝኩ አይሆንልኝም ብላኝ ነበር። እስከ ፈተናው ድረስ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በሙሉ አብሯት ጉልበቱ ላይ አሰመረ። ሰው ከውጭ ቢያየን ሁላችንም ጉልበታችንን የሚያሳክከን ይመስለው ነበር።

በፈተናው ቀን አባቷ እስከ ፈተና ጣቢያው ድረስ አብረዋት ሄዱ፤ እስክትወጣ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ማለፏን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ውጤቱ የመጣ ዕለት እናቷ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ስንት አመጣች ብዬ ስጠይቅ ነጥቡን ትተው፣ አንድም ባዶ ቦታ አልተወችም አሉኝ።

ማስተዋል አሁን ላሊበላ አክስቷ ቤት ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ትምህርት ቤቱ ሲሸኘኝ ጋቢና የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ የጡረታ ፋይሌም ብዙ ሳያስቸግር አለቀ። ከሁሉ የወደድኩት ግን እሷ የሰጠችኝን ነው። እኔን ሥላኛለች፤ ፊት ለፊት፣ በመነጽር፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች፤ ዙሪያዬን በሐረግ አጥራኛለች። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዞሬ ከወዲያ በኩል አየሁት። ከዚያም በኩል ሁለት ዓይን ነበረኝ።

ባለፈው ወር የኮሌጁን የመጀመሪያ ፈተና ተፈተንኩ። ዋዜማውን ደብተሬን ሳገላብጥ አመሸሁ። ዕድሜ ልኬን ፈተና ስሰጥ ኖሬ፣ ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ እጄ ደረቀ። የማውቀው ሁሉ ከሩቅ የሚታይ እንጂ የማይጨበጥ ሆነብኝ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከጠረጴዛው ሥር ጣቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ሳብኩና ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። አንድ መስመር። ከሥሩ ሌላ።

የሚጠብቀን ወጣት መምህር አይቶኝ ኖሮ ቀስ ብሎ መጣና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ጉልበትዎን አሞዎት ነው?»

«አይ ልጄ፤» አልኩት። «እጄን እየጠበቅሁ ነው።»